ምስጋና ለደብረ ማርቆሱ ባለሙያ፦ የቴፓችሁ ዲስፕሌይ ጠፋ ብላችሁ ለልዋጭ አትስጡ

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ ወዳጆች፣ ዛሬ በአደባባይ የማመሰግነው ሰው አለኝ። ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር ሲጠግኑ የኖሩ አባት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ወሬ አይወዱም። የሱቃቸውን አቅጣጫ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ጉዳዩ የአባቴ ቴፕ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የገዛው፣ ጃፓን ሠራሽ፣ ሁለት ካሴት የሚይዝ። ግንባሩ ላይ አረንጓዴም ሰማያዊም የማትሉት ብርሃን አለው። ዘፈን ሲከፈት ከፍ ዝቅ እያሉ የሚጨፍሩትን መስመሮች የማያስታውስ የኔ ዕድሜ ሰው ያለ አይመስለኝም። ድምፁ ዛሬም እንከን የለውም። ግንባሩ ግን መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቆይቶ ድርግም አለ። አንድ ቦታ ወስጄው "ዲስፕሌዩ ሞቷል፣ ዕቃም አይገኝለት፣ ለልዋጭ ስጪው" ተባልኩ። ሳይከፈት ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ፍርድ!

እሳቸው ጋ ስወስደው ክዳኑን ፈቱና መጀመሪያ ያዩት የዲስፕሌዩን መስታወት ጥግ ነው። "ነይ እይ" አሉኝ። ጥጉ ላይ መስተዋት መሳይ ጥቁር ብርማ ነጥብ አለች። "ይቺ ነጭ ሆና ቢሆን አየር ገብቶበታል፣ ጣይው እልሽ ነበር። ደህና ናት።" ከዚያ የሱቁን መብራት አጠፉና ቴፑን ሰኩት። በጎን ሳየው ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች በመስታወቱ ርዝመት ተወጥረው፣ እንደ ነገሩ ቀላ ብለው ታዩኝ። በቀን ብርሃን ፈጽሞ አይታዩም። "ሽቦው አልተበጠሰም። በይ እንግዲህ ተስፋ አለን" አሉ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ከጀርባው አምፖል ያለበት ተራ ስክሪን ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ዲስፕሌይ ራሱ ያበራል። አየር የተሟጠጠበት ጠፍጣፋ የመስታወት ቱቦ ነው፤ ጋሼ ገና በወጣትነታቸው ከሚጠግኗቸው የድሮ ባለ ቱቦ ሬዲዮኖች ጋር ዘመድ ነው። እነዚያ ቀጫጭን ሽቦዎች የባሪየም፣ የስትሮንቲየምና የካልሲየም ኦክሳይድ የተቀባ ቱንግስተን ናቸው። ጥቂት ቮልት ሲያገኙ ይግላሉ፣ ሲግሉ ኤሌክትሮን ይለቃሉ። ከሽቦው ሥር እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ ብረት አለ፣ ግሪድ ይባላል። ከሁሉም ኋላ ቁጥሮቹና መስመሮቹ አሉ፤ አኖድ ይባላሉ፣ ፎስፈር የሚባል ኤሌክትሮን ሲመታው የሚያበራ ቅብ ተቀብተዋል። አረንጓዴውን ብርሃን የሚሰጠው ፎስፈር ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ግሪዱም አኖዱም ከሽቦው አንጻር ፖዘቲቭ ሲሆኑ ኤሌክትሮኑ አልፎ ፎስፈሩን ይመታል፣ ያች ቁጥር ትበራለች። ግሪዱ ኔጋቲቭ ከሆነ መንገዱ ተዘጋ። ለዚህ ሁሉ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ቮልት ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ቱቦ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልግ ነበር። ባለ ብዙ ክፍልፋዩን ቱቦ በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጃፓኖች ናቸው።

ወደ ቴፓችን ልመለስ። ጋሼ በቴስተር ሲለኩ ሽቦው ቮልቱን ያገኛል፤ ለግሪድና ለአኖድ የሚሄደው ግን ወድቋል። ፓወር ክፍሉን ሲያዩ አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) አናቱ ተነፍቷል፣ ሌላው ደርቋል። ሙቀት ነው የሚያደርቃቸው አሉኝ። ቴፑ ዕድሜውን ሙሉ ቡፌ ውስጥ፣ እናቴ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ ነው የኖረው። መተንፈሻው ላይ ማለት ነው! ለእናቴ ይህን እስካሁን አልነገርኳትም።

የወደድኩላቸው ግን ብየዳቸውን ብቻ አይደለም። ገና ሳይጀምሩ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይተው ነገሩኝ። ካፓሲተር፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ የተቃጠለ ሬዚስተር ይጠገናል። ቱቦውን የሚያዘው አይሲ (ቺፕ) ከተቃጠለም ተመሳሳዩ ከተገኘ ይቀየራል። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም አየር ከገባ ግን ቱቦው ተከፍቶ አይጠገንም፤ ከሌላ ተመሳሳይ ቴፕ ተነቅሎ ካልተተካ በቀር። ያለቀ ፎስፈርም አይመለስም። "ሰዓቷ ሌት ተቀን ስትበራ ስለኖረች ደብዘዝ ትላለች፣ የሙዚቃው መስመር ግን ይደምቃል። ኋላ እንዳታዝኚብኝ" አሉ። እንዳሉት ሆነ። መስመሮቹ ፏ ብለዋል፣ ሰዓቷ ፈዛዛ ናት።

"የሽቦውን ቮልት ትንሽ ከፍ ቢያደርጉትስ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁ። የሚያደርጉት አሉ፣ ለጊዜው ይደምቃል፣ ግን የሽቦው ቅብ ቶሎ ያልቃል። "ዛሬ አመስግነሽኝ ትሄጃለሽ፣ ከርሞ ትረግሚኛለሽ" አሉኝ። ያስከፈሉኝ የካፓሲተሮቹንና የእጃቸውን ብቻ ነው። የተነቀሉትንም አሮጌዎቹን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ይህን የሚያደርግ ስንት አለ?

ቴፕ፣ ዴክ፣ አምፕሊፋየር ያላችሁ፣ ድምፅ እየሰጠ ግንባሩ ከጨለመባችሁ መጀመሪያ እሳቸው ይዩት። ራሳችሁ ግን አትክፈቱ። ውስጡ 220 ቮልት ይገባል፣ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ከሞጣ፣ ከቢቸና ወይም ከፍኖተ ሰላም በመኪና የምትልኩ፣ ግንባሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ከላዩ ዕቃ አይጫንበት። ብዙዎቹ ቱቦዎች አየሩ የተመጠጠባት ትንሽ የመስታወት ጭራ አለቻቸው፤ እሷ ከተሰበረች ጋሼም አያድኑትም። ሪሞት ካለው አብራችሁ ላኩ። እሁድና በየወሩ በ21 ለማርያም አይከፍቱም።