ቴስታታ ያስለካንበት ወርክሾፕ፦ የወደድኩትና ቅር ያለኝ

ለእረፍት አገር ቤት በገባሁበት ሰሞን የወንድሜ መኪና ሞተር ወርዶ ነበር። አጋጣሚውን ተጠቅመን ቴስታታውን፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ፍሎው ቤንች ወዳለው ወርክሾፕ ወሰድነው። ፍሎው ቤንች አየር በቴስታታው ውስጥ እየሳበ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካ ማሽን ነው። ሥራቸውን ወድጄዋለሁ፣ የሰጡን ወረቀት ግን ይጎድለዋል።

ምንም ሳይነኩ በፊት ለኩ። ከሥራው በፊት ያልተለካ ቴስታታ "ተሻሻለ" ቢባል በምን ይታወቃል? ያሰሩት ከሞተሩ ሲሊንደር ጋር እኩል ስፋት ባለው ቱቦ ላይ ነው፤ ቱቦው ከጠበበ ወይም ከሰፋ አየሩ በቫልቩ ዙሪያ ሞተሩ ውስጥ እንደሚሄደው አይሄድም። የፖርቱን (አየሩ በቴስታታው ውስጥ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አፍ ደግሞ ዙሪያውን ጭቃ ለጥፈው ክብ አደረጉት፣ ሹል ጠርዝ አየሩን ስለሚበጠብጠው። ቫልቮቹን ዘግተው የሚያፈስ ቦታ እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ቫልቩን በትንሽ በትንሹ እየከፈቱ በየደረጃው መዘገቡ።

የሚገርመው ለውጡ የመጣው ፖርቱን በማስፋት አይደለም። የቫልቩን መቀመጫ በ30፣ በ45 እና በ60 ዲግሪ ቆረጡት፤ አየሩ ወደ ሲሊንደሩ የሚታጠፍበትን አጭሩን ጎን አለዘቡት፤ በቃ። ወንድሜ "ለምን አታሰፉትም?" እያለ ቢወተውትም ባለሙያው እምቢ አለ። ልክ ነው። ፖርት ያለልክ ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይወርዳል፣ ሞተሩም በዝቅተኛ ዙር ይደክማል። ደንበኛ ያለውን ሁሉ ዝም ብሎ የማይሠራ መካኒክ ክብር ይገባዋል።

ቅር ያለኝ ወረቀቱ ነው። የሲኤፍኤም (በደቂቃ የሚያልፍ አየር በኪዩቢክ ጫማ) ቁጥር ተደርድሮበታል፣ በስንት ግፊት እንደተለካ ግን አልተጻፈም። ስንጠይቅ በ28 ኢንች ውሃ ነው አሉን፤ ኢንች ውሃ የግፊት መለኪያ ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍሰቱ የሚጨምረው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ በ10 ኢንች 100 ሲኤፍኤም የሚያሳልፍ ቴስታታ በ28 ኢንች 167 ገደማ ያሳያል። ብረቱ ያው፣ ቁጥሩ ሌላ! ግፊቱ ካልተጻፈ የሁለት ወርክሾፖችን ውጤት ማወዳደር አይቻልም።

ሲያስረክቡንም ያወሩልን ቫልቩ ጫፍ ድረስ ሲከፈት ስለተገኘው ትልቁ ቁጥር ብቻ ነበር። ቫልቭ እኮ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ለቅጽበት ነው፤ መሃሉን ግን ሲከፈትም ሲዘጋም ያልፍበታል። ለእኔ የመሃሉ ቁጥር ይበልጥብኛል፣ የእነሱ ሥራም ጎልቶ የታየው እዚያ ነው። ደግሞ ማሽኑ አየሩን ሳያቋርጥ ነው የሚስበው፣ ሞተር ግን እየቆራረጠ ነው የሚተነፍሰው። ስለዚህ የፈረስ ጉልበቱን ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ እናየዋለን።

ለማሠራት ያሰበ ሰው የበፊቱንና የኋላውን ሙሉ ሰንጠረዥ ከነግፊቱ ይጠይቅ። ካምሻፍቱ ቫልቩን ስንት ሚሊ እንደሚያነሳም አውቆ ይሂድ፤ 9 ሚሊ ብቻ ለሚያነሳ ካምሻፍት የ12 ሚሊ ቁጥር ምንም አያደርግለትም።