የሽያጭ ሙያ መማር ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በአዲስ አበባ ጥቂት ጥቂት ሰዎችን እየሰበሰቡ የሽያጭ ሙያ የሚያሠለጥኑ አንድ መምህርን በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም በዚህ ሙያ ሥራ ለመጀመር ወይም ዕድገት ለማግኘት ለምታስቡ እሳቸውን ለመጠቆም ነው።

የምሠራው የውኃ ፓምፕ በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ደንበኞቻችን በመቂና በዝዋይ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች ናቸው። ለሥልጠናው ስመዘገብ የጠበቅሁት የማነቃቂያ ንግግርና ጭብጨባ ነበር፤ ከተማችን በዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ተሞልታለችና። መምህሩ ግን ስለ ፓምፕ አሠራር በዝርዝር ከጠየቁኝ በኋላ፣ እኔን ገዢ አድርገው እሳቸው ሻጭ ሆነው ተቀመጡ። «ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ስንት ነው?» ስላቸው ዋጋ አልጠሩም። «ውኃው ከወንዝ ነው ከጉድጓድ? ጉድጓዱ ስንት ሜትር ይወርዳል? ማሳውስ ከውኃው ምን ያህል ይርቃል?» እያሉ መልሴን በማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

የጥያቄዎቹን ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል። መሬት ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ የሞተሩ ጉልበት የቱንም ያህል ቢበረታ ከ7 ሜትር ገደማ በላይ ካለ ጥልቀት ውኃ መሳብ ስለማይችል፣ የጉድጓዱ ውኃ 12 ሜትር ላይ ለሚገኝ አርሶ አደር ይህን ዕቃ መሸጥ ገንዘቡን ከመቀማት አይለይም። መምህሩ «ለእርስዎ የሚሆን ዕቃ የለኝም» ማለትንም እንደ አንድ የሽያጭ ትምህርት ያስተምራሉ። ከትምህርቶቻቸው ሁሉ ለእኔ የበለጠብኝ ይኸው ነው።

በዋጋ ላይ ያላቸው ትምህርትም ለአገራችን ገበያ የተሰፋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ሰው «ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም» የሚለውን ወቀሳ በየዕለቱ ይሰማል። እሳቸው የሚያሳዩት፣ ቅናሽ ከመጥራት በፊት ደንበኛው ዋጋውን ከየትኛው ዕቃ ጋር እንዳነጻጸረው መጠየቅን፣ ፕሮፎርማው (ለደንበኛው የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ) እስከ መቼ እንደሚጸናና 15 በመቶው ቫት በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን በግልጽ መጻፍን ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እኛ ቢሮ ከደንበኛ ጋር የሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት መስመሮች አለመጻፍ ነበር።

ከሥልጠናው በኋላ ድርጅታችን የመስክ ሽያጭ አስተባባሪ አድርጎ መድቦኛል፤ አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆችም የመምህሩን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ እሰጣለሁ። ስለዚህም ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ለማስታወቂያ ያህል ብቻ እንዳልጽፍ ግን፣ ክፍሉ ጠባብ መሆኑን፣ መምህሩም አርፋጅን የማይታገሡ መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለሥራ ማመልከቻ የሚያያዝ የምስክር ወረቀት ብቻ የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ብትሞክሩ ይሻላል። ስማቸው በይፋ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ፣ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የምትሸጡትን ዕቃ መግለጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ ገና ሥራ ያልጀመራችሁም ብትሆኑ ልትሸጡት የምትፈልጉትን አንድ ዕቃ መርጣችሁና አጥንታችሁ ቅረቡ።