ለቫሪኮስ ቬይን፦ ሌዘር ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ቫሪኮስ ቬይን፣ ማለትም ያበጠና የተጠማዘዘ የእግር ደም መልስ፣ ያለበት ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ ሐኪሙ እስከፈቀደ ድረስ በሌዘሩ እንዲጀምር እመክረዋለሁ። በዚህ ሕክምና ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ፣ ብዙውን ጊዜ በጉልበት አካባቢ በምትበሳ ትንሽ ቀዳዳ፣ ቀጭን የሌዘር ክር ወደ ደም ሥሩ ያስገባል፤ ቀጥሎም በሥሩ ዙሪያ ማደንዘዣ በተደጋጋሚ ይወጋል፤ ብዙ ታካሚዎችን የሚያስጨንቃቸውም ይኸው መርፌ ነው። ክሩ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሳብ ሙቀቱ ሥሩን ከውስጥ ይዘጋዋል፣ ታካሚውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን በእግሩ እየተራመደ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቀዶ ሕክምናው ብሽሽት ላይ ተከፍቶ የታመመው ሥር ታስሮ የሚወጣበት በመሆኑ፣ በአብዛኛው ሙሉ ወይም ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ ማደንዘዣ ይጠይቃል፤ ማገገሙም ይዘገያል። ያም ሆኖ እጅግ የተጠማዘዘ ሥር የሌዘሩን ክር ላያሳልፍ ስለሚችል፣ ቀዶ ሕክምናን ጊዜ ያለፈበት ብሎ መናቅ ተገቢ አይደለም። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 በሙቀት የሚሰጡትን ሕክምናዎች አስቀድሞ፣ ቀዶ ሕክምናን ሌሎቹ በማይስማሙበት ጊዜ የሚመረጥ አድርጎታል።

በሁለቱም መንገድ ችግሩ ሊመለስ ስለሚችል፣ «ዳግም አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ አትመኑ፤ ከመወሰናችሁም በፊት በደም ሥር ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት የሚያሳየው የዶፕለር አልትራሳውንድ ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ።