ሰም፣ ፒቪኤ ወይስ ላስቲክ፦ ፋይበርግላስን ከፎርማ የሚያላቅቀው የቱ ነው?

ማላቀቂያ (ዕቃው ፎርማው ላይ እንዳይጣበቅ የሚደረገውን) ስትገዙ መጀመሪያ ፎርማችሁን እዩ። አዲስ ነው ወይስ ብዙ የሠራ? ስንት ዕቃስ ሊወጣበት ነው?

የሁሉም መነሻ ሰም ነው። ካርናውባ (ከዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ጠንካራ ሰም) ያለበትን፣ ለፎርማ ተብሎ የተሠራውን ግዙ። ሲሊኮን ያለበት የመኪና ሰም ግን ይቅርባችሁ። ሲሊኮን ጄልኮቱን (የዕቃው ፊት የሚሆነውን የመጀመሪያ ሽፋን) እየገፋ ፊቱን ነጠብጣብ ያደርገዋል፤ ወደ ዕቃውም ተሻግሮ በኋላ ቀለም አልይዝ ይላል። ሰም በስሱ ይቀባል፣ ደብዘዝ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። አዲስ ፎርማ ከ4 እስከ 6 ዙር ይፈልጋል፤ በየመሃሉ አንድ ሰዓት ያህል ማረፍ አለበት። አሰልቺ ነው። አወፍሬ ልቀባና ልገላገል ካላችሁ ግን ሳይወለወል የቀረው ሁሉ ዕቃው ላይ ታትሞ ይወጣል።

ፒቪኤ (ፖሊቪኒል አልኮል፣ በውሃ የሚሟሟ ፕላስቲክ) በፈሳሽነቱ ይቀባል፣ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሆናል። ሰሙ የሳሳበት ቦታ ቢኖር እንኳ ረዚኑን (ፋይበርግላሱን አርሶ የሚደርቀውን ፈሳሽ) ይሄ ያግደዋል። ስለዚህ ለአዲስ ፎርማ የኔ ምርጫ ሰም ከሥር፣ ፒቪኤ ከላይ ነው። በመርጫ ቢሆን ይመረጣል፤ መጀመሪያ እንደ ጤዛ፣ ከዚያ ሙሉውን። በብሩሽ ከተቀባ መስመሩ ዕቃው ላይ ይቀራል፤ አንዳንዴም ሰሙ ላይ እየተሰበሰበ አልዘረጋ ይላል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ቶሎ አይደርቅም። በጣት ሲነካ ካጣበቀ ረዚን ለመቀባት አትቸኩሉ። ሥራው ሲያልቅ በውሃ መታጠቡ ደስ ይላል። ክፋቱ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ እንደ አዲስ መቀባቱ ነው፤ የፎርማውንም ልስላሴና አንጸባራቂነት በጥቂቱ ይቀንሳል።

ከአንድ ፎርማ ደጋግሞ ዕቃ ለሚያወጣ ከፊል ቋሚ የሚባለው ማላቀቂያ አለ። ፎርማው ላይ ይደርቅና አንዴ ተቀብቶ ብዙ ዕቃ ያላቅቃል። ታዲያ የቀድሞው ሰም ሙልጭ ብሎ መውጣት አለበት፤ ትንሽ ከቀረ ማላቀቂያው አይይዝም። ብዙዎቹ ትነታቸው ከባድ ስለሆነ ጓንትና ነፋሻማ ቦታ ያስፈልጋል። አንድ ሁለት ዕቃ ለሚሠራ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል?

ሥራው ጠፍጣፋ ከሆነማ ላስቲክ ይበቃል። ኢፖክሲ የተባለው የረዚን ዓይነት ፖሊኢታይሊን (ተራው ላስቲክ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ላይ አይጣበቅም። ፊቱ እንደ መስታወት እንዲሆን ከተፈለገ ደግሞ ወፈር ያለ ማይላር (ለስላሳና ጠንካራ የፖሊስተር ላስቲክ) ይሻላል፤ የተጨማደደ ከሆነ ግን ጭምድዱ እንዳለ ይታተማል። ለእንጨት ፎርማ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ጎን ለጎን መለጠፍም ያዋጣል፤ መጋጠሚያው የሚተወውን መስመር በአሸዋ ወረቀት ማጥፋት ይቻላል።