በከዚራ ቪዲዮ ቤት የሌምቢት ኡልፍሳክ ሦስት ምሽቶች

በድሬዳዋ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳትርቅ ያለች አንዲት ትንሽ ቪዲዮ ቤት ሰሞኑን ሦስት ዓርብ ምሽቶችን ለአንድ ተዋናይ ሰጥታ ነበር፤ ሦስቱንም ስለተገኘሁ ያየሁትን ልጻፍ። ተዋናዩ እ.ኤ.አ. በ1947 ተወልዶ በ2017 በ69 ዓመቱ ያረፈው ኢስቶኒያዊው ሌምቢት ኡልፍሳክ ነው።

ባለቤቱ ከእያንዳንዱ ፊልም በፊት አጭር ገለጻ ያደርጋል። ኡልፍሳክ ታሊን ውስጥ ትወና ተምሮ በ1970 እንደተመረቀ፣ ከወጣቶች ቲያትር መድረክ ተነሥቶ በሶቪየት ኅብረት ሁሉ የታወቀ የፊልም ሰው እንደሆነ የሰማሁት ከእሱ ነው። በመጀመሪያው ምሽት የአውሮፓ አፈ ታሪክ ጀግና የሆነውን ተንኮለኛውን ቲልን፣ በሁለተኛው ደግሞ «በካፒቴን ግራንት ፍለጋ» በተባለው ፊልም ላይ ዝንጉውን ምሁር ፓጋኔልን ሆኖ አየነው። አጠገቤ የተቀመጡ፣ በወጣትነታቸው ሩሲያ የተማሩ አንድ አባት ገና ፊቱን ሲያዩ «ልጄ፣ ይኼን ሰው እኮ አውቀዋለሁ!» አሉኝ።

ሦስተኛው ምሽት ግን ለብቻው ነው። በጆርጂያዊው ዛዛ ኡሩሻድዜ ተዘጋጅቶ በ2015 ለኦስካር በታጨው «መንደሪን» ላይ ኡልፍሳክ፣ አብካዚያ ከጆርጂያ ለመገንጠል በተዋጋችበት የ1992 ጦርነት መካከል መንደሩን ጥሎ ያልሄደውን ሽማግሌ ኢቮን ይጫወታል። ኢቮ ጎረቤቱ ለሚለቅመው መንደሪን የእንጨት ሳጥን ይሠራል። ሳንቃውን ወደ መጋዙ ሲገፋ እጁ አይቸኩልም፣ ዓይኑም ከእንጨቱ አይነሣም፤ ከኤረር የመጣ ፍራፍሬ በሳጥን ሲራገፍ እያየ ላደገ የድሬ ልጅ ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። እርስ በርስ ጠላት የሆኑ ሁለት ቁስለኞችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያስታምም ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው፣ ሆኖም ጠመንጃ የያዙት ሰዎች ይታዘዙታል። እንዲህ ያለውን ግርማ የዓመታት የመድረክ ልምድ ካልሆነ በቀር ምን ሊሰጥ እንደሚችል አላውቅም።

መግቢያው 50 ብር ነው፤ ምስሉ ጥርት ያለ፣ ማራገቢያዎቹም ሙቀቱን የሚያስታግሱ ናቸው። የግርጌ ጽሑፉ ግን እንግሊዝኛ ብቻ፣ ፊደሉም ደቃቅ በመሆኑ ከኋላ የተቀመጡት መከታተል አልቻሉም፤ ባለቤቱ ቢያንስ ፊደሉን ማጉላት ይኖርበታል። «መንደሪን»ን እንዲደግመው ጠይቄው እሺ ብሎኛል። ያን ዕለት ዕድሜውን ሙሉ በአናጺነት የኖረውን አባቴን ይዤ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።