«1600 እጥፍ ያጎላል» የተባለልኝ ማይክሮስኮፕ፦ ከስምንት ወር የክፍል አገልግሎት በኋላ

ካርቶኑ ላይ «1600» የሚል ቁጥር በደማቅ ቀይ ታትሟል። ዛሬ ስለዚህ ዕቃ ለመጻፍ የተነሣሁት ከሞላ ጎደል በዚህ ቁጥር ምክንያት ነው፤ ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ «ዕቃው ደህና ነው» ብዬ በአንድ መስመር እጨርሰው ነበር። ጅማ ውስጥ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ በሄድኩበት አጋጣሚ መርካቶ ገብቼ ይህን ከስልክ ጋር የሚገናኝ ዲጂታል ማይክሮስኮፕ ከኪሴ 2,800 ብር አውጥቼ ገዛሁት። ሻጩ «መምህር፣ ይኼ እኮ ባክቴሪያ ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል» ብሎኝ ነበር። ይህችን አነጋገር ስምንት ወር ሙሉ አልረሳኋትም።

ዕቃው ራሱ ቀላል ነው። በአፉ ዙሪያ 8 ትንንሽ መብራቶች የተደረደሩበት አጭር ቱቦ ሲሆን፣ ከውስጡ የሚወጣው ገመድ ስልክ ላይ ይሰካል፤ ቱቦው ሥር የተቀመጠው ነገር በስልኩ መስታወት ላይ ጎልቶ ይታያል። ኃይል የሚወስደው ከስልኩ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም። ሰማዩ በጠቆረበትና ክፍሉ በጨለመበት የጅማ ዝናባማ ቀንም የራሱ መብራት ይበቃዋል።

የመጀመሪያውን ወር ጥፋቴን ልናዘዝ። ስኳር፣ ጨው፣ የጸጉር ዘለላ፣ ጉንዳን፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ እጄ የገባውን ሁሉ አሳየኋቸው። 58 ልጆች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተረባረቡ፣ ጮሁ፣ ተደሰቱ፤ እኔም ጩኸታቸው ትምህርት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ምን እንደተማሩ ስጠይቃቸው ያገኘሁት መልስ «ጉንዳን ጸጉር አላት» የሚል ብቻ ነበር። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ይሁን እንጂ የዚያ ዕለት ትምህርት ጨው በውኃ ውስጥ ስለ መሟሟቱ ነበር። ያን ሰሞን ዕቃውን በመግዛቴ ተጸጽቼ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩን የቀየረው ካርቶኑን ሲያገላብጥ የነበረ አንድ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ 1600 መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለነበር ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ ከቱቦው ሥር አስቀመጥንና፣ ዕቃው አቅሙ በፈቀደው መጠን እስኪያጎላ ድረስ ማስተካከያውን አዞርን። የስልኩን መስታወት ከዳር እስከ ዳር የሞላው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ቀጥለን መስታወቱን ራሱን ስንለካው ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 140 ሚሊ ሜትር ሆነ። 140 ለ2 ሲካፈል 70 ነው። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ የሠራችው ልጅ ጠመኔውን ሳታስቀምጥ ዞር ብላ «ቲቸር፣ ሰውዬው 1530 ወስዶብናል!» አለች። መቀነሱን ማንም አላዘዛትም።

ከዚያ ወዲህ መለኪያን መቀየርና ማካፈልን በዚህ ማስመሪያ ነው የማስተምረው። ስድስቱ ቡድኖች እየተፈራረቁ ሲለኩ ውጤታቸው ከ67 እስከ 74 ደረሰ፤ ለምን እኩል እንዳልሆነ ለመከራከር ሌላ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀን። ስንት ዓመት ሙሉ «ሴንቲ ሜትርን ወደ ሚሊ ሜትር ለውጡ» እያልኩ ያስተማርኩት ነገር እንዲህ ያለ ክርክር አስነሥቶልኝ አያውቅም።

ሻጩ በዚህ ጊዜ ከጎኔ ቢሆን ኖሮ ዝም እንደማይል አውቃለሁ፤ «መምህር፣ በትልቅ ስክሪን ነዋ የሚሞከረው» ይለኝ ነበር። እሺ፣ ሞከርነው። የትምህርት ቤታችንን ፕሮጀክተር ተውሰን፣ መስኮቶቹን በጆንያ ሸፍነን፣ ያንኑ ምስል ግድግዳ ላይ አሳረፍነው። የምስሉ ወርድ 1.4 ሜትር ሲሆን ስሌቱ 700 እጥፍ አመጣ። ልጆቹ ፕሮጀክተሩን ወደ ኋላ እንድስብ እየገፋፉኝ ሄዱና የምስሉ ወርድ ልክ 3.2 ሜትር ሲሞላ 1600 ደረሰ፤ ክፍሉም በጭብጨባ ተናወጠ። ስለዚህ ሻጩ አልዋሸም ማለት ነው፤ 3.2 ሜትር የሚሰፋ ግድግዳ በካርቶኑ ውስጥ አብሮ አለመሸጡን ብቻ ሳይነግረኝ ቀርቷል።

ጭብጨባው ሲበርድ ግን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ተለቀ እንጂ አልጠራም» አለች። ጎረቤቷም ቀበል አድርጋ «ወጥ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው» አለቻት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔ አልነበረኝም። የዕቃው ካሜራ ምስሉን የሚሠራው ከደቃቅ ነጥቦች (ፒክስሎች) ሲሆን በወርዱ የሚይዘው 640 ነጥብ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ለ640 ነጥብ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው የሚሊ ሜትር 3 ሺኛ ገደማ ስለሆነ፣ ግድግዳው ቢሰፋም የሚታየው ያው ነጥብ ተለጥጦ ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከዚያ ነጥብ ያነሱ ናቸው። «ባክቴሪያ ሳይቀር» ያልከኝ ሰው፣ ስሌቱ እነሆ።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ዕቃውን አቅሙ ለሚችለው ጥያቄ ብቻ ማውጣት ጀመርኩ፤ በሳምንት አንዴ ካወጣሁትም ብዙ ነው። ከሁሉ የሰመረልኝ በታኅሣሥ መጨረሻ ስለ ዕፅዋት በሽታ ያስተማርኩበት ቀን ነው። የብዙዎቹ ልጆች ግቢ የቡና ተክል አያጣም፤ ከቅጠሉ ጀርባ የሚገኘውን ብርቱካናማ ዱቄት ሁሉም ያውቁታል፣ ምንነቱን ግን ጠይቀው አያውቁም። ማይክሮስኮፑን ከሻንጣዬ ሳላወጣ፣ ዱቄቱ ምን ይመስላችኋል ብዬ ግምታቸውን በደብተራቸው አስጻፍኳቸው። አቧራ ያሉ ነበሩ፤ የአበባ ብናኝ ያሉም ነበሩ፤ አንዱ ቡድን ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝገት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን 3 ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት አየ፤ ተራ የሚጠብቁት ቅጠሉን በዓይናቸው እያዩ ይሥሉ ነበር።

ያዩት እርስ በርሱ የተደራረበ ደቃቅ ብርቱካናማ ፍሬ ነው። የቡና ቅጠል ዋግ የሚባለው ፈንገስ ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚራባበት ደቃቅ ፍሬ፣ ርዝመቱ የሚሊ ሜትር 3 መቶኛ ያህል ስለሆነ፣ በ70 እጥፍ ሲጎላ ስልኩ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህንንም ራሳቸው አባዙት። አንድ ልጅ ቅጠሉን ገልብጦ ዱቄቱ በፊት ለፊቱ ለምን እንደሌለ ጠየቀ፤ የቡና ቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳዎች ያሉት በጀርባው ብቻ መሆኑን፣ ፈንገሱም የሚገባውና የሚወጣው በዚያው በኩል መሆኑን ለመንገር ከዚያ የተሻለ ቅጽበት አላገኝም ነበር። የስፖሩን ትክክለኛ ቅርጽ ግን ዕቃው አላሳየንም። ኩላሊት የሚመስል፣ ግማሹ እሾሃማ ግማሹ ለስላሳ ነው፤ ሄሚሊያ የሚለው የሳይንስ ስሙም «ግማሽ ለስላሳ» እንደማለት ነው። እሱን በጠመኔ ሣልኩላቸውና ከከተማችን ወጣ ብሎ መልኮ ላይ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ቡናን እንደሚያጠኑ ነገርኳቸው።

ሌሎቹ ጉድለቶች ብዙም የሚያናድዱ አይደሉም። አብሮት የመጣው ፕላስቲክ መቆሚያ ልጅ ሲያስነጥስ እንኳ ስለሚንቀጠቀጥ በሁለተኛው ወር ጣልኩት። በምትኩ አንድ አናጢ ከጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች ትንሿን መርጦ መሐሏን በቱቦው ልክ በሳልኝ፤ አሁን ቱቦው ቀዳዳው ውስጥ ይቆማል፣ ቅጠሉ ከሥሩ ይቀመጣል፣ ምስሉም አይንቀጠቀጥም። የበርጩማዋ ሥራ ከዕቃው ሥራ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት በጎረቤት ክፍል የምታስተምር ባልደረባዬ እንደኔው እንድገዛላት ጠይቃኝ እዚሁ ከተማችን አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ «መምህር፣ ይኼኛው አዲስ ነው፤ 2000 እጥፍ ያጎላል» አለኝ። ምንም ሳልናገር ዕቃውን ስልኬ ላይ ሰካሁና ማስመሪያዬን ከሥሩ አደረግኩ። ሻጩ መስመሮቹን ጎንበስ ብሎ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረ፤ ሦስተኛውን ፈልጎ አጣው። ከዚያም 300 ብር ቀንሶልኝ ማስመሪያዋን እንድተውለት ጠየቀኝ። ዕቃውን ገዛሁት፤ ማስመሪያዬን ግን አልሰጠሁትም፣ በማግስቱ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበረኝ።