ስክሪኑ ጤነኛ ነው፣ ያረጀው ሲስተሙ ነው፦ ስማርት ቲቪዬ ከዓመታት በኋላ

ባለ 43 ኢንች ስማርት ቲቪዬን ከገዛሁ ዓመታት አልፈዋል። በምስሉ ቅሬታ የለኝም። ቀለሙ አልደበዘዘም፣ መስመር አልወጣበትም፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣም በስታብላይዘር ተርፎ እዚህ ደርሷል። ኳስም ዜናም ከሪሲቨሩ ሲመጣ ዛሬም ጥርት ብሎ ይታያል። ያስቸገረኝ «ስማርት» ያሰኘው ክፍል ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ዩቲዩብ ወዲያው ይከፈት ነበር። አሁን ሪሞቱን ተጭኜ እጠብቃለሁ፤ የድራማ ስም ስፈልግ ፊደሎቹ ዘግይተው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ አፑ መሃል ላይ ተዘግቶ ወደ ዋናው ገጽ ይመልሰኛል። የቲቪው ራም (አፖች ሲከፈቱ የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) 1.5 ጊጋባይት ነው፤ ከ8 ጊጋባይቱ ማከማቻም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሲስተሙ ራሱ ይዞታል። አፖቹ ደግሞ በየጊዜው እየከበዱ ነው የሚመጡት። አፕዴት ራም አይጨምርም፤ እንዲያውም አንደኛው ትልቅ አፕዴት ከገባ በኋላ ቲቪው የባሰ ተንቀራፈፈ።

ከዚያ በኋላ አፕዴቱም ቆመ። ሲስተሙ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው አንድሮይድ 9 ላይ ቀርቷል። ሴቲንግ ገብቼ ስፈትሽ ግን «ሲስተምዎ የቅርብ ጊዜው ነው» ይለኛል። ይህ ጽሑፍ ብዙ ሰው ያሳስታል ብዬ አምናለሁ፤ አምራቹ ከዚህ በላይ ያዘጋጀው ነገር የለም ማለት እንጂ ቲቪው ከዘመኑ እኩል ነው ማለት አይደለም። አምራቹ ቢፈልግ እንኳ ሁሉም በእጁ አይደለም። የቺፑ ሠሪ ለአሮጌ ቺፕ የሚሆን ሶፍትዌር ማውጣት ካቆመ፣ አዲስ አንድሮይድ ማስገባት እጅግ ከባድ ይሆናል።

የኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮን አሳንሶ የመላኪያና መልሶ የማጫወቻ ዘዴ፣ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ1 የተባለ ኮዴክ ቪዲዮን በአነስተኛ ዳታ ጥሩ ጥራት ሰጥቶ ያስተላልፋል፤ ለእኛ አገር ኢንተርኔት ትልቅ ነገር ነው። ያለ መቆራረጥ ለማጫወት ግን ቺፑ ውስጥ የተሠራ ዲኮደር (ያነሰውን ቪዲዮ መልሶ የሚፈታ ክፍል) ያስፈልጋል፣ የእኔ ቲቪ ደግሞ የለውም። ይህንን የትኛውም አፕዴት አያመጣውም።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዋይፋዩ ተገናኝቶ ሳለ አፖቹ «ኢንተርኔት የለም» ካሉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እዩ። ቲቪው ሰዓቱን ረስቶ ወደ ኋላ ከተመለሰ የድረ ገጾቹን የደህንነት ሰርተፍኬት (እውነተኛነታቸውን የሚያረጋግጥ፣ የሚያገለግልበት ቀን የተወሰነ ማስረጃ) አይቀበልም። የእኔ ቀኑን ሳስተካክል ወዲያው ይሠራል። አፕዴት በሚጫንበት ሰዓት መብራት ከሄደ ግን ቲቪው ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን አትጀምሩት።

ችግሩ የርካሽ ቲቪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ኔትፍሊክስ በአንዳንድ አሮጌ የሳምሰንግና የቪዚዮ ቲቪዎች ላይ መሥራት አቁሟል። አሁን ሳምሰንግ ከ2024 ጀምሮ ለወጡ በርካታ ሞዴሎች የ7 ዓመት፣ ኤልጂም ዌብኦኤስ በተባለው የራሱ ሲስተም ለሚሠሩ ቲቪዎቹ የ5 ዓመት የሲስተም ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2021 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አለው፤ ሆኖም ደንቡ ቀድሞ የወጣው የመጨረሻው የደህንነት አፕዴት ለ8 ዓመት በነፃ እንዲገኝ ያስገድዳል እንጂ አዲስ እንዲሠራ አያስገድድም። መርካቶ ስትገዙም ካርቶኑ ያልተከፈተ ነው ብላችሁ አትርኩ፣ ሞዴሉ የወጣበትን ዓመት ጠይቁ። ሁለት ዓመት መጋዘን ተቀምጦ ከሆነ፣ ከአፕዴት ዘመኑ ላይ ሊቀነስባችሁ ይችላል።

እኔ ቲቪውን አልቀየርኩም። ኤቪ1 የሚያጫውት ትንሽ አንድሮይድ ቦክስ ገዝቼ ኤችዲኤምአይ ላይ ሰካሁ፤ ዋጋው ከአዲስ ቲቪ ጋር አይወዳደርም። የቲቪውን ዋይፋይ አጠፋሁት፤ የደህንነት አፕዴት የማያገኝ ዕቃ ቴሌብር ካለበት ስልኬ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ እንዲውል አልፈለግሁም። ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲ የሚባለውን፣ በኤችዲኤምአይ የተገናኙ ዕቃዎችን የሚያናብበውን፣ ካበራሁ በኋላ አንዱ ሪሞት ሁለቱንም ያዛል፣ እናቴም ሳትቸገር ትጠቀምበታለች። ቦክሱም አንድ ቀን ማርጀቱ አይቀርም፤ ያኔ እሱን ብቻ እቀይራለሁ። ስክሪኑ እስከሠራ ድረስ ቲቪውን የምቀይርበት ምክንያት አይታየኝም።